«አዚም ነው» አሉ፣ «በፈቃዷ ነው» አሉ

ገብቼበት ከነበረው ዝግ የእምነት ቡድን፣ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ግን አንቺ የተማርሽ ልጅ፣ እንዴት ገባሽበት?» እናቴ ከእኔ ቀድማ ትመልሳለች። «አዚም ነው። አፍዝዘው ነው ልጄን የወሰዱብኝ።» አጎቴ ደግሞ እኔን ለማስወጣት ሲሯሯጥ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሮ የሰማው ሌላ ነው። «ዕድሜዋ ሞልቷል። በፈቃዷ ገብታለች፣ በፈቃዷ ትውጣ።»

ሁለቱንም እንዳለ አልቀበልም። ግን ሁለቱም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ከመጀመሪያው ቡና እስከወጣሁበት ቀን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ከእነሱ ጋር ነበርኩ፣ ከወጣሁ በኋላም ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። የምጽፈው ልጁ፣ እህቱ ወይም ጓደኛው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ለገባበት ሰው ነው። አንድ እግሩን አስገብቶ ለሚያመነታም ጭምር።

ስለ የትኛውም ሃይማኖት አይደለም የማወራው። ፈረንጆቹ ካልት የሚሉት፣ በአንድ መሪ ቃል ብቻ የሚኖር፣ ሰውን ከቤተሰቡ የሚነጥል ዓይነት ቡድን ነበር። የየትኛውም ቤተ እምነት አልነበረም፤ ከዚህም ከዚያም ቃል ተውሶ የራሱን የሠራ ነው። እኛ «ቤቱ» ነበር የምንለው፣ እኔም እንደዚያው ልበለው። የመሪውን ስም አልጽፍም። እዚያ ውስጥ አሁንም የምወዳቸው ሰዎች አሉ።

በ2011 ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳ ግቢ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ጣና ዳር ባለ አንድ ሎጅ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። ጥር 2012 አባቴ ሞተ። ስኳር ነበረበት፣ ግን እንደዚያ በድንገት ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁለት ወር ሳይሞላው ኮሮና አገር ገባ። ቱሪስት ቀረ፣ ወደ ዘጌ የሚመላለሱት ጀልባዎች ታስረው ቆሙ፣ እኔም ከብዙዎች ጋር ተቀነስኩ። የአባቴን የመንፈቅ ተዝካር እንኳን እንደ ወጉ ማውጣት አልቻልንም፤ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ሰው ሐዘኑን የሚያወጣው በሰው ነው። እኔ በዚያ ዓመት ሰው አልነበረኝም።

ጥቅምት 2013 መጀመሪያ ላይ ዶርም አብራኝ የነበረች ልጅ ጊዮርጊስ አካባቢ አገኘችኝ። ከሳሽ አለችኝ። ነይ ቡና ላጠጣሽ አለችኝ። ባጃጅ ይዘን የአባይን ድልድይ ተሻገርን፣ ማንጎና ጌሾ ያለበት ሰፊ ግቢ ገባን። ገና ከመቀመጤ አንዲት ትልቅ ሴት በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጥታ እግሬን አጠበችኝ። የእንግዳ እግር ማጠብ ከአያቶቼ ቤት የማውቀው ወግ ነው። ከዚያ የአባቴን ስም ጠርተው ነፍስ ይማር አሉ። ጓደኛዬ ነግራቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን አለቀስኩ፣ ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። ስለ መሪያቸው በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነገረኝም። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ደወሉልኝ። በሳልስቱም እንደዚሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቡናውን መጠጣቴ አይመስለኝም። ያዘነ ሰው ሰው ወዳለበት ይሄዳል፣ ምንም ነውር የለበትም። ስህተቴ ለማንም አለመናገሬ ነው። «ለጊዜው ለቤተሰብ አታውሪ፣ አይገባቸውም» ሲሉኝ ምስጢር ያለኝ ሰው መሆኔ ደስ አለኝ። እባካችሁ፣ አንድ ስብሰባ ወይም ማኅበር ለቤተሰባችሁ እንዳትናገሩ ከጠየቃችሁ፣ በዚያው ማታ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለታላቅ እህት፣ ለንስሐ አባት፣ ለጎረቤት፣ ለማንም ይሁን። ያ ሰው «ተዪው» እንዲላችሁ አይደለም። የምትሄዱበትን የሚያውቅ አንድ ሰው ውጭ እንዲኖር ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። ኅዳር ላይ ከተማችን ላይ ሮኬት ሲተኮስ እናቴ አልጋ ሥር ነበር ያደረችው። በዚያ ሳምንት «አባታችን» የሚሉትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። «ክፉ ቀን ይመጣል ብዬ አልነበረም?» አለ። በዚያ ዓመት ክፉ ቀን ይመጣል ያላለ ማን ነበር? ይህን የማስበው አሁን ነው። ያኔ የሰማሁት አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነው፣ የዚያን ጊዜ ከምንም ነገር በላይ የሚያስፈልገኝ ደግሞ እሱ ነበር።

ከዚያ የረቡዕ ጸሎት መጣ። ከዚያ የዓርብ አዳር። ከዚያ ከማገኛት ላይ አስራት። ከዚያ «ሥራ መፈለጉን ለጊዜው ተዪው፣ ለቤቱ ሒሳብ የሚይዝ ያስፈልጋል» ተባልኩ። ከዚያ እናቴ ለምርቃቴ የሰጠችኝ የወርቅ አምባር ሄደ። ግንቦት 2013 ልብሴን በአንድ ሻንጣ ይዤ ጠቅልዬ ገባሁ። ማንም አልጎተተኝም። ሻንጣውን ራሴ ነኝ ዚፑን የዘጋሁት። አካውንታንት ስለሆንኩ እንደ ውል ነው የማየው፦ ፈርሜያለሁ፣ ፊርማው የእኔ ነው፤ ግን ገጾቹ የሚሰጡኝ ተራ በተራ ነበር፣ አንዱን ካልፈረምኩ ቀጣዩ አይታየኝም። የመጨረሻው ገጽ መጀመሪያ ቢሰጠኝ ኖሮ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ቤቴ በሮጥኩ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቦታ ስትጋበዙ የመጨረሻውን ገጽ ጠይቁ። «ከሦስት ዓመት በፊት የገቡ ሰዎች ዛሬ እንዴት ነው የሚኖሩት? ሥራ አላቸው? ከቤተሰብ ጋር ይገናኛሉ?» በሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ገብቶ የወጣ ሰው አለ? አሁን ላገኘው እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለወጡ ሰዎች የሚናገሩበት መንገድ ብዙ ይነግራችኋል። እኛ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ወይ ይሁዳ ነው፣ ወይ አብዷል። በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚኖር ሰው ስም ሲነሳ አንድ ቀን አልሰማሁም።

የውስጡን ኑሮ በዝርዝር አልናገርም። የምንተኛው ለአራት ሰዓት ብቻ፣ ጾም ብዙ። ስልካችን ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሰጠናል። ግን ሁለት ነገሮች ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታዩ ትንሽ ይመስላሉ።

አንዱ ቋንቋው ነው። ከእኛ በቀር ያለው ዓለም ሁሉ «ውጭ» ይባላል። ቤተሰብ «ሥጋ» ይባላል። ጥያቄ የጠየቀ ሰው «ሥጋው አወራ» ይባላል። ወር ሳይሞላኝ በራሴ ጭንቅላት ውስጥም እንደዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ሒሳቡ ጥርጣሬ ሲመጣብኝ «ገንዘቡ የት ሄደ?» ብዬ አልጨርሰውም፣ ገና ሲጀምር «ሥጋዬ አወራ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሮበርት ሊፍተን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ በቻይና የአስተሳሰብ ለውጥ ተብሎ በእስርና በስብሰባ ውስጥ ያለፉ ሰዎችን ካነጋገረ በኋላ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስምንት ምልክቶችን ጽፏል። አንዱ ይኸው የቋንቋ ነገር ነው። ሌላው ኑዛዜን መሣሪያ ማድረግ ነው። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛው ነገርም እሱ ነው፣ የንስሐ ደብተር። እያንዳንዳችን ኃጢአታችንን እንጽፍና በየወሩ ለ«አባታችን» እናስረክባለን። ለንስሐ አባት የሚነገር ነገር በጆሮ ይቀራል። ይኼኛው በጽሑፍ ይቀመጣል፣ በቁም ሳጥን፣ በቁልፍ። ስለ አባቴ ለማንም ያልነገርኩትን እዚያ ላይ ጽፌያለሁ። ማንም ሰው ምስጢራችሁን በጽሑፍ አምጡ ካላችሁ አትስጡ። ከሰጣችሁት ሁሉ መልሳችሁ የማታገኙት እሱን ነው።

ጷግሜ 2013 «አባታችን» ጣና ሞልቶ ከተማዋን እንደሚያጥለቀልቅ ተናገረ። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ መስከረም አካባቢ ከፍ እንደሚል የባህር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን አመንኩ። አምስቱን ሌሊት ተንበርክከን አደርን። እናቴ ቤት ሐይቁ ዳር ስለሆነ ሳስበው ያንሰፈስፈኛል፣ መደወል ግን አልተፈቀደልኝም። አዲስ ዓመት ነጋ፣ አደይ አበባ የያዙ ልጆች እያዜሙ በበራችን አለፉ። ጣና ባለበት ነው። «በእናንተ ጸሎት ተመለሰ» አለን። እልል አልን። የሚገርመው ከዚያ በኋላ እምነታችን ጠነከረ እንጂ አልላላም። አምስት ሌሊት የከፈለ ሰው «በከንቱ ነው» ለማለት አቅም የለውም።

ከወጣሁ በኋላ አንድ ታሪክ አነበብኩ። ቺካጎ አጠገብ ዶሮቲ ማርቲን የምትባል ሴት በታኅሣሥ 21 ቀን 1954፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ዓለም በጎርፍ ትጠፋለች ብላ ነበር። ተከታዮቿ ሌሊቱን ሲጠብቁ አደሩ፤ ጎርፉ አልመጣም። ሊነጋ ሲል መልእክት መጣልኝ አለች፦ ይህች ትንሽ ቡድን ብርሃን ስላበዛች ዓለም ተረፈች። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎቹን ከውስጥ ሆኖ ይከታተል ነበር፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ብዙዎቹ ይበልጥ ሰባኪ እንደሆኑ ጻፈ። እኛ አባይ ማዶ፣ እነሱ አሜሪካ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ልዩነት፣ የሰማነው ግን አንድ ዓይነት ነው። የእኛ ቤት ልዩ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ላይ ነው ልዩ አለመሆኑን የተቀበልኩት።

አሁን ቤተሰቦችን ላናግር። ኅዳር 2014 አጎቴ፣ ጋሼ፣ ከሦስት የአክስቴ ልጆች ጋር ሆኖ ከገበያ ስመለስ ጠብቆ ባጃጅ ውስጥ ጨመረኝ። ከፍቅር ነው ያደረገው፣ ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። ክፍል ውስጥ ቆልፈው አራት ቀን ተፈራርቀው መከሩኝ፣ ተቆጡኝ፣ ጠበል ረጩኝ፣ አለቀሱ። በአምስተኛው ሌሊት በመስኮት ወጥቼ በባዶ እግሬ ድልድዩን ተሻገርኩ። ቤቱ ውስጥ እንደ ሰማዕት ተቀበሉኝ። «ውጭ» ጨካኝ ነው ሲሉኝ የኖሩትን ጋሼ በገዛ እጁ እውነት አደረገላቸው። በአሜሪካም በእነሱ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ወላጆች ሰው ቀጥረው ልጆቻቸውን ያሳፍኑ ነበር፤ አንዳንዶቹ ልጆች ወጥተዋል፣ ሌሎቹ ግን አምልጠው ወደነበሩበት ተመልሰዋል፣ ከአፋኞቹም የተፈረደባቸው አሉ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 ላይ ሰው በፈለገው እምነት እንዳይኖር ማስገደድን ይከለክላል። ያ አንቀጽ እኔን ከጋሼ ብቻ አይደለም የሚጠብቀኝ፣ መውጣት ስፈልግ ከቤቱም ይጠብቀኛል። ሁለቱንም ወገን ማስታወስ ያስፈልጋል።

እህቴ እታለም መንገዱን የቀየረችው ከዚያ በኋላ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ድፎ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ትመጣለች። አሥር ደቂቃ ይሰጡናል፣ ከቤቱ አንዲት እህት መሐላችን ተቀምጣ ትሰማለች። እታለም ስለ ቤቱ ክፉም ደግም አትናገርም። ቆሮሶ ዓሣ ተወደደ ትላለች። የእማዬ ጉልበት ተሻላት ትላለች። ጎረቤታችን ልጇን ዳረች ትላለች። ስትነሳ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለኝ፦ «አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፣ የኔ እናት።» ነይ አትልም፣ ውጪ አትልም። ሰላሳ ጊዜ ገደማ መጥታለች። እኔ ግማሹን ጊዜ ዳቦውን ተቀብዬ ዓይኗን ሳላይ ገብቻለሁ።

አሁን የሚከብደኝ ክፍል ላይ ደረስኩ። መጋቢት 2014 እኔም ሰው አስገባሁ። ፖሊ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁለተኛ ዓመት የምትማር፣ ወንድሟ የሞተባት ልጅ። ቡና ጋበዝኳት። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዤ እግሯን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልዋሸኋትም፤ የተናገርኩትን ሁሉ አምኜበት ነው። ያልነገርኳት ግን ብዙ ነው።

ስለ እሷ ሳስብ ነው «አዚም» የሚለው የማያስኬደኝ። በዚያ ዓመት ቡና የጋበዝኳቸውን በጣቴ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ሰባቱ ቡናቸውን ጠጥተው አመስግነው ሄዱ። ሦስቱ ጥቂት ረቡዕ መጥተው ቀሩ። የቆየችው አንዷ ናት። አይሊን ባርከር የምትባል ብሪታኒያዊት የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ «ሙኒዎች» የሚባሉትን፣ የኮሪያዊውን ሰባኪ የሙንን ተከታዮች፣ ለዓመታት አጥንታ ነበር፣ ለስልጠና ከሄዱት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳልገቡ፣ ከገቡትም ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሳቸው እንደወጡ አገኘች። አዚም ቢሆን አሥሩም በገቡ ነበር። ስለዚህ ውስጤ የነበረው ሰው እኔው ነኝ፣ ፍላጎቴም የራሴ ነበር፣ ሐዘኔም እንደዚሁ። «በፈቃዷ» የሚሉት ደግሞ የሚረሱት አለ። ፈቃድ እንዲባል ሰው የሚፈቅደውን ማወቅ አለበት። እንቅልፍ ማግኘት አለበት። እምቢ ቢል ምን እንደሚደርስበት ሳይፈራ መቆም አለበት። እኔ ስገባ የመጀመሪያው አልነበረኝም፣ ከገባሁ በኋላ ሦስቱም አልነበሩኝም። ፈቃዴ አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ ጠበበ እንጂ፣ እንደ በጋ ወንዝ።

ኅዳር 2015 ላይ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ኢንሱሊን የምትወጋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አብራን ነበረች። «አባታችን» መርፌው የእምነት ማነስ ነው አላት፣ ተወችው። በሦስተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር። መንፈሱ እየወጣ ነው ተባለ፣ ሌሊቱን እንድጠብቃት እኔ ተመደብኩ። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ሆነ፣ ከአፏም የበሰበሰ ፍሬ ዓይነት ሽታ ይመጣል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ መድኃኒቱ አልቆበት ሆስፒታል ስናስገባው እንደዚያ ነበር የሚሸተው። «ሥጋዬ አወራ» ለማለት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። የመጣልኝ አባቴ ነው።

ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አዝያት ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ አየን፣ ምንም ሳይል ቁልፉን አወጣ። መንገድ ላይ ባጃጅ እስክናገኝ ከእኔ ጋር ተሸከማት። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ትሞት ነበር አለን። ተረፈች። እባካችሁ፣ ጸልዩ፣ ጠበል ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ግን መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ጉዳይ አትስሙት። በተለይ ኢንሱሊን። እሱን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድለው።

ያን ዕለት ወጣሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሲነጋ ተመልሼ ወደ ቤቱ ነው የሄድኩት፤ ሌላ መሄጃ አልታየኝም። ማታ ሁሉም ተሰበሰቡ። «በጸሎቴ ነው የዳነችው» አለ «አባታችን»። ከዚያ የንስሐ ደብተሬን ከፍቶ ስለ አባቴ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ አነበበ። ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። እኔ ፊቱን ነበር የማየው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣ ተራ ሰው ሆኖ ታየኝ።

ከዚያም ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ሰው ልቡ ወጥቶ እግሩ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ቤተሰቦች ይህን ዕወቁልን። ጥር 11 ጥምቀት ከውጭ ከበሮና እልልታ ይሰማል። ውሃ ልቀዳ ብዬ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ፣ ጀሪካኑን አንድ ሱቅ በር ላይ አስቀመጥኩ፣ ታቦት ከሚሸኘው ሕዝብ ጋር ተቀላቅዬ ሄድኩ። ማንም አላስተዋለኝም፣ ነጭ ለብሼ ነበር፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። እታለም ቤት ስደርስ ሰው የለም። ቁልፉ ድሮ በሚቀመጥበት ድስት ሥር ነው። አልጋዬ ተነጥፏል። እንደተባለው።

በየካቲት ለአንድ ሳምንት ተመልሼ ገብቻለሁ። ናፍቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስወጣ እታለም አልጠየቀችኝም፣ ሽሮ አቀረበችልኝ። ልጃችሁ ወጥቶ ቢመለስ አለቀለት ብላችሁ በሩን አትዝጉ። ብዙዎቻችን የምንወጣው ሁለት ሦስት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከውስጡ ይከብድ ነበር። «አባታችን» ጣና ይውጥሻል ብሎ ስለረገመኝ ሐይቁ ዳር መሄድ አልችልም፣ ባህር ዳር እየኖርኩ። እታለም «ሽሮ ይሁን ምስር?» ስትለኝ መምረጥ አቅቶኝ አለቅሳለሁ፤ ሁለት ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የረዳኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ብዙ እንቅልፍ፤ ከእሱ በፊት ምንም ትልቅ ነገር አትወስኑ። ሁለተኛ ወረቀት። መታወቂያዬንና ዲግሪዬን ውስጥ ትቼ ነበር፣ ጋሼ በዚህ ጊዜ ያለ ጎረምሳ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዞ ሄዶ በትሕትና ጠይቆ አመጣልኝ። ወርቁን አላገኘሁትም። ገና ያልገባችሁ ካላችሁ ዋናውን ዲግሪና የባንክ ደብተር ለማንም እንዳታስረክቡ። የአእምሮ ጤና ክፍል ሄጄ የምታወራኝ ነርስ አገኘሁ፣ አንዴም «እንዴት ገባሽ?» አላለችኝም፤ «ምን ፈልገሽ ነበር?» ነው ያለችኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ ቶሎ ወደ አገልግሎት ልግባ ስላቸው «ቀስ በይ ልጄ፣ መጀመሪያ ብዪ፣ ተኚ» አሉኝ። አንዱን ቤት ለቆ በሳምንቱ ሌላ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፤ ባዶው ያስፈራል።

ሚያዝያ 2015 የኬንያው ዜና መጣ። ሻካሆላ ጫካ ውስጥ ፖል ማኬንዚ የሚባለው ሰባኪ ተከታዮች ጌታን ለማግኘት ብለው በረሃብ አለቁ፣ ከመቃብር የወጡት አስከሬኖች ከ400 በላይ ሆኑ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስልኬ ላይ «በፈቃዳቸው ነው፣ ምን ይደረግ» የሚል አስተያየት አነበብኩ። በደቡብ አሜሪካዋ ጉያና፣ ጆንስታውን በሚባል የአንድ ሰባኪ ተከታዮች ሰፈር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ከ900 በላይ ሰው ሲያልቅም፣ ሲሶው ያህል ሕፃናት ሆነው ሳለ፣ የጅምላ ራስን ማጥፋት ተብሎ ነው የቀረው። ሕፃን ምን ፈቃድ አለው? እኛም ቤት ሕፃናት ነበሩ። እናትና አባት መርጠው ይሆናል። እነሱ ግን ያንን ግቢ ብቻ ነው የሚያውቁት። ልጅ ያለበት ቤት ሲሆን፣ ልጅ ሲራብ ወይም ሐኪም ሲከለከል ካያችሁ፣ ዕድሜዋ ሞልቷል የሚለው ነገር እዚያ አይሠራም፤ ለሕግ ተናገሩ።

እኔ አሁን አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ሒሳብ እሠራለሁ። ኢንሱሊን የምትወጋው ልጅ ወላጆቿ ጋ ናት፣ እንደዋወላለን። ሐይቁን የተሻገርኩት ባለፈው ዓመት ነው፣ ከእታለም ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ፣ እስክንደርስ እጇን አልለቀቅኩም።

የፖሊዋ ልጅ ግን አሁንም ውስጥ ናት። እኔን በሩ አያስጠጉኝም። እናቷን ፈልጌ አገኘኋት፤ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አነሳችኝ። መጀመሪያ ሰው ይዛ በር ልትሰብር ነበር። የእታለምን ነገር ነገርኳት። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ዳቦውን አብረን እንጋግራለን፣ ድልድዩን አብረን እንሻገራለን፣ እሷ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ስለ ጎረቤት ታወራታለች፣ ስለ በጉ፣ ስለ ዝናቡ። ባለፈው እሑድ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ልጅቷ ዳቦውን ከተቀበለች በኋላ መሐላቸው የተቀመጠችው እህት ዞር ስትል ቀስ ብላ ጠየቀቻት አለችኝ።

«ሻይ ቤቱ ጋ ያለችው እሷ ናት?»